ትንፋሹን የገራ ተናጋሪ፦ የዴሞስቴንስ ሕይወት



የማስተማር ልምምድ በቀረበ ቁጥር በእጩ መምህራን መካከል ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ስጋት አለ። ክፍል ፊት ቆመን ሐሳቡ ቢጠፋን፣ ቃሉ ቢያንቀን ምን ይውጠናል? ይህን ዝምታ ከመፍራታችን የተነሣ ብዙዎቻችን ሌላ ጥፋት ውስጥ እንገባለን። ያዘጋጀነውን ትምህርት ያለ ፋታ እናንደቀድቀዋለን፤ ትንሽ ክፍተት ከተገኘችም በ«ኧ…» እና በ«ማለት ነው» እንሞላታለን። ጥያቄ እንጠይቅና ተማሪው አፉን ሳይከፍት መልሱን ራሳችን እንመልሳለን። የአርባ ደቂቃው ትምህርት በሃያ ደቂቃ ያልቅና የቀረውን ጊዜ ጠመኔ ስናገላብጥ እንውላለን።

ለመሆኑ ዝምታ የተናጋሪ ጠላት ነው ወይስ መሣሪያው? ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሆነናል ብለን የመረጥነው ከ2,300 ዓመት በፊት በግሪክ አገር፣ በአቴና ከተማ የኖረውን የዴሞስቴንስን ሕይወት ነው። የዚህ ሰው ስም ሲነሣ ሁሉም ሰው የሚያስታውሰው ጠጠሩን ነው፤ አንደበቱ ይፈታ ዘንድ ጠጠር ጎርሶ ይለማመድ ነበር ይባላልና። እኛ ግን ዛሬ ከጠጠሩ ይልቅ ትንፋሹን እንከተላለን። የዴሞስቴንስ የመጀመሪያው ችግር ትንፋሽ ማጣት ነበር፤ የኋላው ትልቅነቱም ትንፋሹን የት ላይ እንደሚያሳርፍ ማወቁ ነው።

የሙት ልጁ ክስ

ዴሞስቴንስ የተወለደው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ384 ዓመት ነው። አባቱም ስሙ ዴሞስቴንስ ሲሆን ሀብታም ሰው ነበር። አንድ የሰይፍና የቢላዋ መሥሪያ፣ አንድም የአልጋ መሥሪያ ነበረው፤ በሁለቱም ውስጥ የሚሠሩት እንደ ጊዜው ልማድ ባሮች ነበሩ። ልጁ 7 ዓመት ሲሆነው አባት ሞተ። ወደ 14 መክሊት የሚጠጋው ንብረት ለሦስት ሞግዚቶች በአደራ ተሰጠ። ከሦስቱ ሁለቱ የገዛ ዘመዶቹ ነበሩ። ምን ያደርጋል! አደራ በላዎች ሆኑና ልጁ ለአካለ መጠን ሲደርስ የተረከበው ከብዙው ጥቂቱን ብቻ ነበር።

በዚያን ጊዜ አቴና ውስጥ ጠበቃ ቀጥሮ ፍርድ ቤት መላክ የሚባል ነገር የለም፤ ባለጉዳዩ ራሱ ቆሞ መናገር አለበት። ስለዚህ ወጣቱ የውርስን ሕግ ጠንቅቆ ያውቅ ከነበረው ከኢሳዮስ ዘንድ ትምህርት ቀሰመ። ገና ልጅ ሳለም ታዋቂው ካሊስትራቶስ ፍርድ ቤት ቆሞ ሲሟገት የመስማት ዕድል አግኝቶ፣ አንድ ሰው በቃል ብቻ ሕዝብን ሲያንቀሳቅስ በማየቱ ልቡ በዚሁ ነገር ተነክቶ ነበር ይባላል። በ20 ዓመቱ ገደማ ዋናውን ሞግዚት አፎቦስን ከሰሰና ረታ። ሆኖም የተፈረደለትን ገንዘብ ማስከፈሉ ሌላ መከራ ሆነበት፤ ከአባቱ ሀብት አብዛኛው ቀልጦ ቀረ። በእጁ የቀረለት አንደበቱ ብቻ ነበር፤ እሱም ቢሆን ገና አልተገራም።

ሳቅ የበዛበት ጉባኤ

የአቴና ሕዝብ ጉባኤ የሚሰበሰበው ፕኒክስ በሚባል ኮረብታ ላይ፣ ሰማይ ሥር ነው። ለአንዳንድ ውሳኔ እስከ 6,000 ሰው መገኘት ነበረበት። ድምፅ ማጉያ የለ፣ ጣራ የለ! ነፋሱ ይነፍሳል፣ ሕዝቡም ያሰኘውን ከመጮኽ ወደ ኋላ አይልም። ዴሞስቴንስ ለመጀመሪያ ጊዜ እዚህ ሕዝብ ፊት ሲቆም ጉባኤው በሳቅና በጩኸት ተቀበለው።

ከአራት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ የኖረው ጸሐፊ ፕሉታርክ ጉድለቶቹን ዘርዝሮልናል። ድምፁ ደካማ ነበር፣ አንደበቱም ጥርት አይልም። ዓረፍተ ነገሮቹ ረጃጅምና የተጠላለፉ ነበሩ። ከሁሉም የከፋው ግን ትንፋሹ አጭር መሆኑ ነው። ትንፋሹ ሐሳቡ ሳይጠናቀቅ መሐል መንገድ ላይ ያልቅበታል፤ አየር ለመሳብ ሲቆም ዓረፍተ ነገሩ ይሰበራል፣ ሰሚውም ትርጉሙን ያጣል።

እዚህ ላይ ጥቂት እናስተውል። ይህ ሰው ያኔም ቢሆን በንግግሩ መካከል ይቆም ነበር። የሚቆመው ግን ሐሳቡ በፈቀደለት ቦታ ሳይሆን ሳንባው ባስገደደው ቦታ ነው። ነጠላ ሠረዝና አራት ነጥብ ያለ ቦታቸው የተበተኑበትን ጽሑፍ እናንብብ ብንል ምን እንደሚገጥመን እናውቃለን። የእሱም ንግግር እንደዚያው ነበር።

ከመሬት በታች

ከውድቀቱ በኋላ አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤቱ ሲሄድ ሳቲሮስ የተባለ የቲያትር ተዋናይ አገኘው። ዴሞስቴንስ ብሶቱን ዘረገፈ፤ ከተናጋሪዎቹ ሁሉ በላይ እየደከምሁ ሕዝቡ ግን ሰካራሙንና መርከበኛውን ይሰማል፣ እኔን ይንቃል አለው። ተዋናዩ ሰምቶ ሲያበቃ ከታወቀ ድርሰት አንድ ክፍል በቃልህ በልልኝ አለው። ዴሞስቴንስ አለለት። ከዚያ ሳቲሮስ ያንኑ ክፍል፣ አንዲት ቃል ሳይጨምር፣ በተገቢው አኳኋንና ስሜት ደግሞ አሰማው። ቃሉ ያው ነው፤ ነገሩ ግን ፈጽሞ ሌላ ሆነ። ዴሞስቴንስ ገባው። ለካስ ንግግር የሚባለው ቃሉ ብቻ አይደለም፤ የአነጋገሩም ነገር አለበት!

ከዚያ ወዲያ ነው ያ የታወቀው ልምምድ የተጀመረው። ከመሬት በታች ክፍል አሠርቶ በየቀኑ እየገባ ድምፁን ያለማምድ ጀመር። አንዳንዴ ለሁለትና ለሦስት ወር ያህል ከዚያ አይወጣም ነበር። ልውጣ ቢል እንኳ እንዲያፍር ብሎ የራሱን ጠጉር በአንድ በኩል ብቻ ይላጨው እንደነበር ፕሉታርክ ይተርካል። ጠጠር ጎርሶ እየተናገረ አንደበቱን አጠራ፤ በትልቅ መስተዋት ፊት ቆሞ አኳኋኑን አረመ። ለትንፋሹ ደግሞ ዳገት እየሮጠ ንግግር ወይም ግጥም በአንድ ትንፋሽ ይወጣ ነበር።

ለእኛ ጉዳይ ዋናው ይህ የዳገቱ ልምምድ ነው። ዳገት ላይ የሮጠው ሳይቆም ለመናገር እንዳይመስለን። የትንፋሽ ስንቅ ያለው ሰው በፈለገበት ቦታ መቆም ይችላል፤ ስንቅ የሌለው ግን ባለቀበት ቦታ ይቆማል። ቆም ማለትን የሚመርጥ ተናጋሪ ለመሆን በመጀመሪያ ሳይቆሙ መሄድ መቻል ያስፈልጋል።

ያለ ዝግጅት መናገርን ዕድሜ ልኩን አይወድም ነበር። ተቀናቃኞቹ በዚህ ያሾፉበት ነበር፤ አንደኛው ሐሳቡ ሁሉ የመብራት ክር ይሸታል ሲል ቀልዶበታል፤ ሌሊቱን ሲጽፍ ያድራል ለማለት ነው። በኋላ ዘመን የተነገረ ሌላ ወሬም አለ። በንግግር ሙያ አንደኛው ቁም ነገር ምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅ አቀራረብ አለ፤ ሁለተኛውስ ሲሉት አቀራረብ፣ ሦስተኛውስ ሲሉት አሁንም አቀራረብ አለ ይባላል።

የፊልጶስ ዘመን

የዴሞስቴንስ ትልቁ ትግል ከመቄዶንያ ንጉሥ ከፊልጶስ ጋር ነበር። ፊልጶስ የታላቁ እስክንድር አባት ሲሆን የግሪክን ከተሞች አንድ በአንድ እየዋጠ ይመጣ ነበር። ዴሞስቴንስ ከ351 ዓመት ጀምሮ የአገሩ ሰዎች እንዲነቁ ሲወተውት ኖረ።

ሆኖም ልምምድ ያልነካው ሰው እንደማይሆን እናስታውስ። በ346 ዓመት ሰላም ለመደራደር አሥር መልእክተኞች ወደ ፊልጶስ ከተማ ሲሄዱ ዴሞስቴንስ አንዱ ነበር። ተራው ደርሶ ንጉሡ ፊት ሲቆም ጥቂት ከተናገረ በኋላ ጸጥ አለ፤ ንጉሡ ራሱ አይዞህ ቢለውም ሊቀጥል አልቻለም። ይህን የሚነግረን አብሮት የነበረው ኤስኪኔስ ነው። ኤስኪኔስ በኋላ ደመኛው ሆኗልና ወሬውን በመጠኑ እንውሰደው። ቢሆንም ትልቅ ተናጋሪም ቃል ሊጠፋው እንደሚችል ማወቁ ለጀማሪ መጽናኛ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ዴሞስቴንስ መናገሩን አልተወምና!

በ339 ዓመት ደግሞ ሌላ ዓይነት ዝምታ መጣ። አንድ ምሽት ፊልጶስ ኤላቴያን ያዘ የሚል ወሬ አቴና ገባ። ኤላቴያ ወደ አቴና የሚወስደው መንገድ በር ናት። ሹማምንቱ እራታቸውን አቋርጠው ተነሡ፤ ከተማው ሲታመስ አደረ። ሲነጋ ሕዝቡ ኮረብታው ላይ ተሰበሰበ። ዐዋጅ ነጋሪው እንደ ሥርዓቱ መናገር የሚፈልግ ማን ነው ብሎ ጠየቀ። ማንም አልተነሣም። ደጋግሞ ጠየቀ። የጦር አለቆቹ ሁሉ እዚያው ናቸው፣ ተናጋሪዎቹም ሁሉ እዚያው ናቸው፤ ግን ጸጥ። በዚህ መካከል ተነሥቶ የወጣው ዴሞስቴንስ ነበር። ከቴብስ ከተማ ጋር ያለውን የቆየ ጠብ ረስተን አብረን እንቁም አለ። ጉባኤው ተቀበለው፤ ቃል ኪዳኑም ተፈጸመ።

ውጤቱ ግን ድል አልሆነም። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ338፣ የሁለቱ ከተሞች ጦር ካይሮኔያ በተባለ ቦታ በፊልጶስ ተሸነፈ። እንዲያም ሆኖ የአቴና ሕዝብ በሙታኑ ላይ የሐዘን ንግግር እንዲያደርግ የመረጠው ይህንኑ ወደ ጦርነቱ የመራውን ሰው ነው።

የዘውዱ ክስ

ክቴሲፎን የተባለ ሰው ዴሞስቴንስ ለአገሩ ስለደከመ የወርቅ ዘውድ ይሸለም የሚል ሐሳብ አቀረበ። ኤስኪኔስ ሐሳቡ ሕግ የጣሰ ነው ብሎ ከሰሰ፤ ነገሩ ለዓመታት ተጓቶ በ330 ዓመት ፍርድ ቤት ቀረበ። ኤስኪኔስ ዋዛ አልነበረም። ወጣት ሳለ የቲያትር ተዋናይ የነበረ፣ ድምፁ እንደ ደወል የሚያስተጋባ ሰው ነው። የዴሞስቴንስ የሕይወት ሥራ ሁሉ፣ የካይሮኔያም ሽንፈት ጭምር፣ የሚዳኘው በዚያች አንዲት ቀን ነው።

በአቴና ፍርድ ቤት ንግግር የሚለካው በውሃ ሰዓት እንደ ነበር እንወቅ። ከአንድ ሸክላ ወደ ሌላው ውሃ ይንጠባጠባል፤ ውሃው ሲያልቅ ንግግሩም ያበቃል። ተናጋሪው ዝም አለ ተብሎ ውሃው አይቆምለትም። ስለዚህ እያንዳንዷን ፋታ የሚከፍላት ከራሱ ጊዜ ቆርሶ ነው። ዴሞስቴንስ ግን በዚህ ቀን ለፋታ አልሳሳም።

ንግግሩ በጽሑፍ ለእኛ ዘመን ደርሷል። በውስጡ ሁለት ቦታዎችን እንመልከት። አንደኛው ስለ ኤላቴያ የሚተርክበት ነው። ዴሞስቴንስ ወደ ራሱ ውለታ አይሮጥም። ምሽቱን፣ እራቱን፣ ንጋቱን፣ የዐዋጅ ነጋሪውን ጥያቄ፣ ከዚያም ማንም አለመነሣቱን አንድ በአንድ እያዘገመ ያስኬዳቸዋል። ከዳኞቹ መካከል ያኔ ኮረብታው ላይ ዝም ብለው የተቀመጡ አይጠፉም። ያን የዘጠኝ ዓመት ዝምታ እንደ ገና እንዲቀመጡበት ካደረገ በኋላ ነው ያን ቀን የተነሣሁት እኔ ነበርሁ የሚለው። ዝምታው ባይቀድም ኖሮ ይህ ቃል ጉራ በሆነ ነበር።

ሁለተኛው ቦታ ከዚህም ይበልጣል። ኤስኪኔስ የእስክንድር ወዳጅ ነኝ እያለ ይኩራራ ነበር። ዴሞስቴንስ ወዳጅ ሳይሆን ቅጥረኛ ነው ብሎ ከወነጀለው በኋላ ወደ ዳኞቹ ዞረ፤ ለመሆኑ ይህ ሰው የእስክንድር ወዳጅ ይመስላችኋል ወይስ ቅጥረኛ ብሎ ጠየቃቸው። የሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር ለኤስኪኔስ የተነገረ ነው፦ ይኸው የሚሉትን ስማ የሚል ነው። በሁለቱ መካከል አንዳች ቃል አልተጻፈም። ያ ባዶ ቦታ የሰሚዎቹ ነበር! የጥንት ተርጓሚዎች እንዲያውም ዴሞስቴንስ ሆን ብሎ ቅጥረኛ የሚለውን ቃል አጥብቆ አላልቶ ስለጠራው ሕዝቡ ሊያርመው ብሎ ቃሉን በአንድ ድምፅ ጮኸበት፣ እሱም ጩኸቱን ለራሱ ምስክር አደረገው ብለው ያወራሉ።

ከሳሹ ከዳኞቹ ድምፅ አምስተኛውን እጅ እንኳ ማግኘት አልቻለም። በሕጉ መሠረት 1,000 ድራክማ ተቀጣና አገር ለቆ ወጣ።

የማይገባ ዝምታ

እስካሁን ያወራነው ስለ መልካም ፋታ ነው። የዴሞስቴንስ ሕይወት ግን የከፋውንም ዓይነት ያሳየናል። በ324 ዓመት ሃርፓሎስ የተባለ የእስክንድር ገንዘብ ያዥ ብዙ ሀብት ይዞ ኮብልሎ አቴና ገባ። ፕሉታርክ እንደሚለው ዴሞስቴንስ መጀመሪያ ሰውየውን አባርሩ ብሎ ነበር፤ ኋላ ግን ጉቦ ተቀበለ። በማግስቱ አንገቱን በሱፍ ጨርቅ ጠምጥሞ ጉባኤ መጣ፤ ተናገር ሲሉት ጉሮሮዬ ታሟል ብሎ በምልክት መለሰ። ቀልደኞች ታዲያ ይህ የጉሮሮ ሳይሆን የብር በሽታ ነው አሉ። ወሬው በምን ያህል እንደተጋነነ ይቅርና ፍርድ ቤቱ 20 መክሊት ወስደሃል ብሎ 50 መክሊት ቀጣው። ከእስር አምልጦ ለስደት ተዳረገ።

አንድ ሰው ለሰሚው ብሎ ዝም ሲልና ለራሱ ብሎ ዝም ሲል ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው። የመጀመሪያው ሰሚው እንዲያስብ ጊዜ መስጠት ነው፤ ሁለተኛው ከሰሚው መደበቅ ነው። ይህ ለመምህርም ይሠራል። የማያውቀውን ጥያቄ ሲጠየቅ ያልሰማ መስሎ ወደ ሰሌዳው የሚዞር መምህር አንገቱን በሱፍ ከጠመጠመው ሰው በምን ይለያል?

የመጨረሻው ቀን

እስክንድር በ323 ዓመት ሲሞት አቴናውያን በመቄዶንያ ላይ ተነሡ፤ ዴሞስቴንስንም ከስደት በክብር መለሱት። ደስታው አልቆየም። በ322 ዓመት ግሪኮች ተሸነፉ፤ የመቄዶንያው አንቲፓትሮስ ዴሞስቴንስን አሳደደው። እሱም ካላውሪያ በምትባል ደሴት ከባሕር አምላክ ቤተ መቅደስ ገብቶ ተማጠነ። ሊይዘው የመጣው አርኪያስ የቀድሞ ተዋናይ ነበር። ዴሞስቴንስ ለቤተሰቤ ደብዳቤ ልጻፍ አለና ወደ ውስጥ ገባ። ሲያስብ የብዕሩን ጫፍ የመንከስ ልማድ ነበረው፤ አሁንም ብዕሩን ነክሶ፣ ራሱን ተከናንቦ ጸጥ አለ። በር ላይ ያሉት ወታደሮች ፈርቶ ነው ብለው ሳቁ። ብዕሩ ውስጥ ግን መርዝ ነበር። ቤተ መቅደሱን ላለማርከስ ወደ ውጭ ሲራመድ በመሠዊያው አጠገብ ወድቆ ሞተ።

ከ40 ዓመት በኋላ፣ በ280 ገደማ፣ አቴናውያን የነሐስ ሐውልት አቆሙለት። ሐውልቱ ቢጠፋም በሮማውያን ጊዜ የተሠሩ ቅጂዎቹ ዛሬም በኮፐንሃገንና በቫቲካን ይገኛሉ። የሚገርመው፣ የዚያ ሁሉ ንግግር ባለቤት በሐውልቱ ላይ አፉን ገጥሞ፣ እጆቹን አጣምሮ፣ ዓይኑን ዝቅ አድርጎ ነው የቆመው።

እኛስ?

ይህ ሁሉ የጥንት ወሬ ነው፣ ለክፍላችን ምን ይረባል የሚል ቢኖር አንድ የቅርብ ጊዜ ጥናት እንጥቀስ። ሜሪ በድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ በብዙ ክፍሎች የተቀረጹ ትምህርቶችን አዳምጣ እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጣችው ጽሑፍ፣ መምህራን ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሴኮንድ ያህል ብቻ መሆኑን አሳየች። ይህ ወደ ሦስት ሴኮንድና ከዚያ በላይ ሲረዝም የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፤ ዝም ይሉ የነበሩት መመለስ ጀመሩ፤ ደካማ የተባሉትም እጃቸውን አወጡ፤ ተማሪዎቹ ራሳቸው መጠየቅ አበዙ። በሁለት ሴኮንድ ብቻ!

ስለዚህ ለልምምድ ስንወጣ እነዚህን እንያዝ።

አንደኛ፣ ትምህርቱን በደንብ እናዘጋጅ። ያልተዘጋጀ ሰው ቆም ማለት አይችልም፤ ይጠፋበታል እንጂ።

ሁለተኛ፣ የትምህርት ዕቅዳችንን ጮኽ ብለን እናንብብና ትንፋሽ የሚያጥረን ቦታ ላይ ዓረፍተ ነገሩን እናሳጥር። የምናርፈው ሐሳብ ባለቀበት ቦታ ይሁን።

ሦስተኛ፣ ከዋናው ነጥብ በፊት ትንሽ፣ ከዋናው ነጥብ በኋላ ደግሞ ከዚያ ረዘም አድርገን እንቁም። ከኋላ ቤንች የተቀመጠው ልጅ ደብተሩ ላይ የሚጽፈው በዚያች ፋታ ነው።

አራተኛ፣ ጥያቄ ከጠየቅን በኋላ በልባችን እስከ ሦስት እንቁጠር። ተማሪው ከመለሰም በኋላ እንደዚሁ፤ ምናልባት የሚጨምረው ይኖራል። ስም ጠርተን ከመጠየቅም ጥያቄውን አስቀድመን ስም እንጥራ፤ አለዚያ የሚያስበው ስሙ የተጠራው ብቻ ነው።

አምስተኛ፣ ክፍተቱን በ«ኧ…» አንሙላው። ዝምታው ለእኛ ረጅም ይመስለናል፤ ለሚያስበው ተማሪ ግን አጭር ነው።

የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል። እኛ ስንቸኩል የሚፈሰው የተማሪው ሐሳብ ነው፤ እሱን ደግሞ ማንም መልሶ አይለቅመውም። ዴሞስቴንስ ውሃው እየተንጠባጠበበት ለሰሚዎቹ ቦታ ከተወላቸው፣ እኛ ደወል እስኪደወል አርባ ደቂቃ የተሰጠን ሰዎች ሦስት ሴኮንድ እንዴት እንሰስት?

መልካም የልምምድ ጊዜ ይሁንልን! ለዛሬው በዚህ ይብቃን።